የኩባንያ ገንዘብ እንዴት ይወሰናል? ከእውነተኛ ጉዳዮች መማር



  ይህ ጽሑፍ በሬዲዮ ካቀረብነው ትምህርት ተወስዶ ለንባብ እንዲመች ጥቂት የተስተካከለ ነው።

ከሐይቅ፣ ከውጫሌና ከአምባሰል ቀበሌዎች ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እየበዛ የመጣ አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ። «ልጃችን ከሳውዲ የላከችው ገንዘብ ተቀምጧል፤ አክሲዮን እንግዛበት ወይስ ወፍጮ እንትከልበት?» ይላል። ሌላው ደግሞ «አክሲዮን የገዛንበት ድርጅት በየዓመቱ አተረፍሁ ይላል፤ ለእኛ ግን የደረሰን የለም። ተበላን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጠያቂዎቻችን በመጀመሪያ ሐላል ነው ወይስ ሐራም ማለታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ነገር ግን ሐላል መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጣ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ ውሳኔው ያዋጣል ወይ? ሐላል የሆነ ንግድ ሁሉ አያተርፍም። ይህ ገንዘብ ደግሞ አንዲት ልጅ በጂዳ ወይም በሪያድ በሰው ቤት ስንት ዓመት የደከመችበት ነው። ከጠፋ ገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ወንድምና እኅት ሲኳረፉ፣ አባትና ልጅ በሽማግሌ ሲነጋገሩ አይተናል።

ስለዚህ ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ትልልቆቹ ድርጅቶች በገንዘብ ላይ እንዴት እንደሚወስኑ፣ ያንንም ከእውነተኛ ታሪካቸው እንዴት ማጥናት እንደሚቻል ነው። ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ገብተው አካውንቲንግና ማኔጅመንት የሚማሩ ልጆቻችን ይህን በክፍል ውስጥ ያገኙታል። እኛ ግን ርእሱ ለእናትና ለአባትም የሚሆን ነው እንላለን።

በዘመናዊው የንግድ ትምህርት «ኬዝ»፣ በእኛ ቋንቋ «ጉዳይ»፣ የሚባል የማስተማሪያ ዘዴ አለ። በአሜሪካ የሚገኘው የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ተከፈተ። በ1920ዎቹ ዲን የነበረው ዋላስ ዶናም በትምህርቱ የሕግ ሰው ስለነበረ፣ የሕግ ተማሪዎች ከተፈረዱ መዝገቦች እንደሚማሩት ሁሉ የንግድ ተማሪዎችም ከእውነተኛ ድርጅቶች ታሪክ እንዲማሩ አደረገ። ጉዳዩ በጥቂት ገጾች ይጻፋል። ድርጅቱ ማን ነው፣ ምን ያህል ገንዘብ አለው፣ ስንት ዕዳ አለበት፣ ተወዳዳሪዎቹ እነማን ናቸው የሚለው ይቀርብና ታሪኩ ውሳኔው ሊሰጥ ሲል ይቆማል። ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ ቦርድ ፊት ይቀርባል፤ ምን ይበል? ተማሪው ቤቱ ሄዶ ያሰላል፣ በማግስቱ ከጓደኞቹ ጋር ይከራከራል። መምህሩ ይጠይቃል እንጂ መልሱን ቶሎ አይነግርም።

መድረሳ ውስጥ ኪታብ የቀራ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። በ150 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) ራሳቸው የኩፋ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። በሐለቃቸው መስአላ ይቀርባል፤ «አንድ ሰው እንዲህ ቢያደርግ፣ ሌላው እንዲህ ቢለው ብይኑ ምንድን ነው?» ይባላል። ደረሶቹ ይከራከራሉ። አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ ከመምህራቸው ተለይተው የያዙት አቋም ሳይቀር ተመዝግቦ ዛሬም ይቀራል። በጉዳይ መማር ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ይህ ዘዴ አንድ ከባድ ደንብ አለው። ጉዳዩን የሚያጠና ሰው ወሳኙ በዚያ ቀን የሚያውቀውን ብቻ ይዞ ማሰብ አለበት። ውጤቱን አይተን «ይህማ ስሕተት ነበር» ማለት ለማንም አይከብድም። መልካም ውሳኔ ወስኖ የከሰረ አለ፤ ክፉ ውሳኔ ወስኖ ያተረፈም አለ። ቀደሩ የአላህ ነው፤ ከእኛ የሚጠበቀው ሰበቡን ማድረስ ነው። አገራችን ሰው ግን ጎረቤቱ ባጃጅ ገዝቶ ሲያልፍለት ሳያሰላ ባጃጅ ይገዛል፤ ሌላው በከሰረበት ሥራ ደግሞ ማንም አይገባም። ሁለቱም ከውጤት መማር እንጂ ከውሳኔ መማር አይደለም።

ወደ ትልልቆቹ ከመሄዳችን በፊት ከአካባቢያችን አንድ ምሳሌ እንሥራ። የማንም ታሪክ አይደለም፤ ቁጥሩን እኛ ያወጣነው ነው። በውጫሌ አቅራቢያ ሦስት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 200,000 ብር አዋጥተው በ600,000 ብር ወፍጮ ተከሉ እንበል። ከዚህ ውስጥ 240,000 ብሩ የሞተሩ ዋጋ ነው፤ ቀሪው ቤቱ፣ ድንጋዩና የመብራት መስመሩ ነው። ሞተሩ አምስት ዓመት ያገለግላል ተብሏል። የሠራተኛ፣ የመብራትና የጥገና ወጪ ሁሉ ተቀንሶ በዓመት 150,000 ብር ይቀራል። ሦስቱ ቤተሰቦች በየዓመቱ 50,000፣ 50,000 ይካፈላሉ። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። በአምስተኛው ዓመት ማለቂያ ሞተሩ ቆመ። ካዝናው ባዶ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው፣ በዓመት 150,000 ብሩ ትርፍ ነበር ወይ? አልነበረም። ሞተሩ በየዓመቱ እያረጀ ነበር። 240,000 ለአምስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 48,000 ብር ነው። ትርፉ 102,000 ብር ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ 34,000። ቀሪዋ 16,000 ብር ከገዛ ዋናቸው እየተቆረሰች የበሏት ነበረች። የሒሳብ ባለሙያዎች ይህን የእርጅና ተቀናሽ ይሉታል። ፉቀሃዎቻችን ደግሞ በሙዷረባ ውል ላይ ትርፍ የሚታወቀው ዋናው ገንዘብ ከተሟላ በኋላ ነው ብለው ከስንት መቶ ዓመታት በፊት ደንግገውታል። ሁለቱ የሚሉት አንድ ነገር ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። 48,000 ብሩን በየዓመቱ እያስቀመጡ ቢሆን ኖሮስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ሞተር በ240,000 ተገዝቶ ከነበረ በአዲሱ ምንዛሪ ሁለት እጥፍ፣ 480,000 ብር ሊጠይቅ ይችላል። የተቀመጠው 240,000 ግማሹን ብቻ ይሸፍናል። ስለዚህ አስተዋይ ባለ ወፍጮ የሚያስበው ሞተሩ ስንት ተገዛ ብሎ ሳይሆን ነገ ስንት ይገዛል ብሎ ነው። ብሩንም ሳጥን ውስጥ አያስቀምጥም፤ መለዋወጫ ይገዛበታል፣ ወይም እህልም ከብትም ያደርገዋል። ለአረፋ የሚደለበው ሰንጋ ራሱ አንድ የቁጠባ ዓይነት ነው፤ መኖና በሽታ እንዳለበት ሳንረሳ።

ሞተሩ ከቆመ በኋላ ሦስቱ ቤተሰቦች ፊት ያሉት መንገዶች የትልቅ ኩባንያ ቦርድ ፊት ካሉት አይለዩም። መበደር፣ ከራስ ኪስ መጨመር፣ አዲስ ሸሪክ ማስገባት ወይም ሸጦ መውጣት። በወለድ መበደሩን ሸሪዓ ዘግቶታል። አዲስ ሸሪክ ከገባ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል። ከኪስ መጨመር ካሉ፣ አንደኛው ቤተሰብ የሚጨምረው ባይኖረውስ? ይህን ቀድሞ በውል ያልጻፈ ሽርክና ጠቡን አብሮ ተክሏል። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ በሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ ውልና ስለ ምስክር የሚናገር መሆኑን ስንቶቻችን እናስተውላለን?

ውል ካነሣን ዘንድ፣ የአምባሰል ሰው ስለ ውል ከሩቅ መማር አያስፈልገውም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ በተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ በጣልያን መንግሥት በኩል መላላክ ይችላሉ ሲል፣ በጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ሌላም ነገር አለ። በ1882 መስከረም፣ በኋላ ራስ የሆኑት መኮንን ጣልያን አገር ሄደው የፈረሙት ተጨማሪ ስምምነት የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ነበረበት፤ መያዣውም የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነው። አበዳሪ በመያዣ የሚጠይቀው ምንጊዜም ገንዘብ የሚገባበትን በር ነው። ምኒልክ ውሉን በ1885 አፈረሱት፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ዐድዋ ይናገራል። ዛሬም የአክሲዮን መግለጫ ሲሰጣችሁ ሥዕሉን ትታችሁ አንቀጹን አንብቡ የምንለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። የዘምዘም ባንክ ታሪክ ብዙ የሙስሊም ቤተሰቦች በገንዘባቸው የተሳተፉበት ስለሆነ በጉዳይነት ለማጥናት ከእርሱ የተሻለ አናገኝም።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592 ከወለድ ነፃ የሆነ ተቀማጭ ስለ መሰብሰብና ሥራ ላይ ስለ ማዋል ብሔራዊ ባንክ መመሪያ ሊያወጣ እንደሚችል በአንቀጽ 22 አስቀመጠ። በሩ ገርበብ አለ። አደራጆች ተሰባስበው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ለማቋቋም አክሲዮን መሸጥ ጀመሩ። ሰዉም እንደ ንግድ ብቻ አላየውም፤ ከሪባ መውጫ አድርጎ ነው ያየው። ከዚያ በ2004 መባቻ (እ.ኤ.አ. 2011) ብሔራዊ ባንክ መመሪያውን ሲያወጣ፣ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ተፈቀደ፤ ነገር ግን በመደበኛ ባንክ ውስጥ በሚከፈት መስኮት ብቻ ነው ተባለ። በዚያው ወቅት ለአዲስ ባንክ የሚጠየቀው ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ75 ሚሊዮን ወደ 500 ሚሊዮን ብር ከፍ አለ።

እዚህ ላይ ታሪኩን እናቁመው። እናንተ አደራጅ ናችሁ። የሰው ገንዘብ በአማና በእጃችሁ ነው። ምን ታደርጋላችሁ?

አንዱ መንገድ መደበኛ ባንክ ሆኖ ተቋቁሞ ከወለድ ነፃ መስኮት መክፈት ነበር። በቁጥር ብቻ ላሰላ ሰው ይህ የሚስብ ነው፤ ፈቃድ ይገኛል፣ ሥራ ይጀመራል። ነገር ግን አክሲዮን የገዛው ሰው የገዛው ይህን አይደለም። ከወለድ ሽሽት የመጣን ሰው የወለድ ባንክ ባለቤት ማድረግ የውሉን መንፈስ መስበር ነው። በድርጅት ገንዘብ ውሳኔ ውስጥ ባለ አክሲዮኑ የሚፈልገው ምንድን ነው የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ መጻሕፍቱ ብዙ ጊዜ መልሱን «ከፍተኛ ትርፍ» ብለው ያልፉታል። የእኛ ጉዳይ ይህ መልስ ሁልጊዜ እንደማይሠራ ያሳያል።

ሁለተኛው መንገድ ገንዘቡን ይዞ መጠበቅ ነው። መንግሥት አንድ ቀን ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ችግሩ መጠበቅ ነፃ አለመሆኑ ነው። በዚያ ጊዜ የአገራችን የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ዋጋ በ30 በመቶ ሲጨምር 10,000 ብር ከዓመት በኋላ የሚገዛው የቀድሞውን 7,700 ብር ያህል ብቻ ነው። ብሩ ሳይነካ ተቀምጦ ሩብ ያህሉ ሄደ ማለት ነው። በዚያ ላይ የቢሮ ኪራይና ደሞዝ አለ። የሚጠበቀው ቀንም አይታወቅም። አንድ ዓመት ቢሆን ያስችል ነበር፤ አሥር ዓመት ቢሆንስ?

ሦስተኛው ለባለቤቱ መመለስ ነው። ይህም ቢሆን የራሱ ሕመም አለው። ለማደራጀት የወጣው ወጪ አይመለስም። አንዳንድ ሰው «ይህን ያህል ደክመን፣ ይህን ያህል አውጥተን እንዴት እንበትናለን?» ይላል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም የሚለው የአገራችን አባባል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የወጣው ወጪ ብንቀጥልም ብናቆምም ወጥቷል፤ ስለዚህ ለውሳኔው ሚዛን አይደፋም። ሊታይ የሚገባው ከዛሬ በኋላ የሚወጣውና የሚገባው ብቻ ነው። የንግድ ትምህርት ለተማሪ ከሚሰጠው ሁሉ ለቤተሰብ የሚበጀው ይህ አንድ ነጥብ ይመስለናል፤ ስንቱ ሰው ነው ቀድሞ ላወጣው ገንዘብ ሲያዝን ሌላ ገንዘብ የጨመረበት!

ቀሪው ታሪክ እንደምታውቁት ነው። ምሥረታው በዚያ ጊዜ ቆመ። መስኮቶቹ ግን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በኦሮሚያ ኢንተርናሽናል ባንክና በንግድ ባንክ ተከፈቱ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) መንግሥት ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮችን ፈቀደ። ዘምዘም እንደገና ተደራጅቶ በ2013 መጀመሪያ ላይ ፈቃድ አገኘ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር (እ.ኤ.አ. 2021)፣ መሊካ በድሪ በዋና ሥራ አስፈጻሚነት እየመሩት፣ ሥራ ጀመረ። በዓይነቱ በአገራችን የመጀመሪያው ነው። ሂጅራ ባንክ በዚያው የፈረንጅ ዓመት፣ ሸበሌና ረሚስ ደግሞ ከዚያ በኋላ ተከተሉ።

«ታዲያ ጠብቀው ቢሆን ኖሮ!» የሚል አይጠፋም። እስቲ ቀደም ያልነውን ደንብ አስታውሱ። በ2004 ላይ የቆመ ሰው 2011ን አያይም። ስምንት ዓመት ገደማ በዚያ የዋጋ ንረት የሰው ገንዘብ ታቅፎ መቀመጥ፣ በሩ እንደሚከፈት ምንም ማረጋገጫ ሳይኖር፣ ለአማና ጠባቂ የሚቻል አልነበረም። እኛ በዚህ እንቆማለን፤ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ተከራከሩን።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የትርፍ ድርሻ ጥያቄ ነው፤ ደብዳቤ ከሚጽፉልን ብዙዎቹ የሚያነሡት ነውና። ሚያዝያ 2013 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አደረገ፤ ነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 እንዲያሟሉ፣ በምሥረታ ላይ የነበሩት ደግሞ ረዘም ያለ ጊዜ እንዲኖራቸው ሆነ። ይህ ሲሆን የአንድ ባንክ ቦርድ ያተረፈውን ለባለ አክሲዮን ያከፋፍል ወይስ ካፒታል ያሳድግበት? ካከፋፈለ በኋላ ተመልሶ «አዲስ አክሲዮን ግዙ» ማለቱ አይቀርም፤ በአንድ እጅ የሰጠውን በሌላ እጅ ይቀበላል። አዲሱን አክሲዮን መግዛት ያቃተው ቤተሰብ ድርሻው ይሳሳል። ከ10,000 አክሲዮን 100 የነበረው ሰው መቶኛው የእርሱ ነበር። ሌላ 10,000 አክሲዮን ለሌሎች ከተሸጠ 100ዋ ያው አለች፤ እርሱ ግን የሁለት መቶኛ ባለቤት ሆኗል። ስለዚህ ትርፍ አልተከፈለም ማለት ሁልጊዜ ተበላ ማለት አይደለም። ሁልጊዜ አልተበላም ማለትም አይደለም! ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተገኝቶ ትርፉ የት እንደዋለ መጠየቅ መብት ነው፤ ሪፖርቱን ሳያነቡ እጅ የሚያወጡ ባለ አክሲዮኖች ቁጥር እጅግ ያሳዝነናል። (የአክሲዮን ዘካ እንዴት ይሰላል የሚለው ራሱን የቻለ ርእስ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ አቆይተነዋል።)

ሌላው ሊጠና የሚገባው ጉዳይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። በወለድ የሚበደር ድርጅት እንደሆነ እናውቃለን፤ ከእርሱ የምንወስደው የስሌቱን ጥበብ ነው። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት የመንገደኛ በረራ በዓለም ዙሪያ ሲቆም፣ አውሮፕላን ቆሞም የኪራይና የብድር ክፍያው፣ የሠራተኛ ደሞዙ አይቆምም። የጀርመኑ ሉፍታንዛ ከመንግሥት የ9 ቢሊዮን ዩሮ ድጋፍ ተደረገለት። የደቡብ አፍሪካው አየር መንገድ ቀድሞውኑ በማገገሚያ አስተዳደር ሥር ነበር። የእኛው አየር መንገድ ከ20 የሚበልጡ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበር አንሥቶ ጭነት ጫነባቸው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የአውሮፕላኑ ኪራይና ዕዳ ቢበርም ባይበርም ይከፈላል፤ ስለዚህ ከውሳኔው ሒሳብ ይወጣል። የሚቀረው ነዳጅ፣ አብራሪና የማረፊያ ክፍያ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ሆዳቸው ውስጥ ይጭኑት የነበረው ዕቃ መጓጓዣ በማጣቱ የጭነት ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ገቢው ተጨማሪውን ወጪ ብቻ ከሸፈነና ጥቂት ከተረፈ መብረር ከመቆም ይሻላል። ወንበር መንቀል ለሚያይ ሰው ጥፋት ይመስላል፤ በወረቀት ላይ ግን ትክክል ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ጉዳይ ጭማቂው ያለው ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ድርጅቱ በ2009 (እ.ኤ.አ. 2017) ሁለተኛውን የጭነት ተርሚናል ከፍቶ የማስተናገድ አቅሙን በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን ቶን አድርሶ ነበር። ሲገነባ ወረርሽኝ ይመጣል ብሎ ማንም አላሰበም። ሁሉን ገቢ ከመንገደኛ ብቻ አለመጠበቅ ግን የታሰበበት ነገር ነበር። የእኛ አካባቢ ነጋዴ ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከ2014ቱ ጦርነት ያውቀዋል። በዚያ ዓመት ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ውጫሌን፣ ሐይቅን፣ ደሴን ሲያካልል ያለው ሁሉ በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የነበረ ሰውና ጥቂቱ በመሬት፣ ጥቂቱ በሌላ ከተማ በሰው እጅ የነበረ ሰው ተመልሰው ሲቆሙ እኩል አልቆሙም።

በተቃራኒው ደግሞ የኢትዮጵያ ልማት ባንክን ማየት ይቻላል። በ2011 መጨረሻ ገደማ ካበደረው 40 በመቶ የሚጠጋው በወቅቱ የማይመለስ ብድር ሆኖበት ነበር። ለእርሻና ለፋብሪካ የተሰጠ ብድር ነው። በወረቀት ላይ የሚያምር የሥራ ዕቅድና በእጅ የሚገባ ጥሬ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚራራቁ ማሳያው ይህ ነው። ዝርዝሩን ለተማሪዎቹ እንተወው።

በመጨረሻም ገና ትኩስ የሆነውንና ብዙ ቤት የገባውን እናንሣ። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 2017 ጀምሮ 10 በመቶ ድርሻውን፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ሽያጩ በየካቲት ሲዘጋ 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን፣ በ3.2 ቢሊዮን ብር፣ ከ47,000 በላይ ለሆኑ ገዢዎች ተሽጧል። ከቀረበው አሥራ አንድ እጅ ያህሉ ብቻ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በጥር የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ።

ይህን ጉዳይ ማታ ከመግሪብ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሊሠራው ይችላል። ልጆች ስልካቸው ላይ መግለጫውን ያውጡ። መጀመሪያ ሸሪዓው ይቅደም፤ ድርጅቱ የሚሸጠው አገልግሎት ሐላል ቢሆንም በወለድ ከተበደረ ብይኑ ምንድን ነው? ዑለሞች ይለያያሉ። ጂዳ ያለው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ውሳኔው፣ ሥራው ሐላል ሆኖ አልፎ አልፎ በወለድ በሚገበያይ ኩባንያ መሳተፍ መሠረቱ ክልክል ነው ብሏል። የኢስላማዊ የፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና ኦዲት ድርጅት፣ አዩፊ የሚባለው፣ ደግሞ በወለድ የተገኘው ብድር ከኩባንያው የገበያ ዋጋ 30 በመቶ እንዳያልፍና ሐራም የሆነው ገቢ ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ያም ገቢ ተሰልቶ ለምጽዋት እንዲወጣ በሚሉ ገደቦች ፈቅዷል። የየትኛውን ፈትዋ እንደምትይዙ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ዓሊሙ ግን ቁጥሩን ካላቀረባችሁለት በባዶው ሊመልስላችሁ አይችልም።

ቀጥሎ ሒሳቡ ይምጣ። 10 በመቶው 30 ቢሊዮን ብር ከሆነ ጠቅላላው ኩባንያ በ300 ቢሊዮን ብር ተተምኗል ማለት ነው። በዓመት ስንት ያተርፋል? ከዚያ ውስጥ ስንት ያከፋፍላል? ዕዳው በብር ነው ወይስ በዶላር? በዶላር ከሆነ ከሐምሌ 2016 በኋላ ምን ሆነ? ከሳፋሪኮም ጋር ያለው ውድድር ዋጋውን ወዴት ይገፋዋል? ገንዘቡ ቢቸግረን አክሲዮኑን በስንት ቀን፣ ለማን እንሸጠዋለን? ያቺው 9,900 ብር ሁለት በግ ብትሆንልን ወይም ለወፍጮው መለዋወጫ ብትገዛ ኖሮ ምን ታመጣ ነበር?

ቤት ውስጥ አንዱ ሻጭ፣ አንዱ ገዢ፣ አንዱ ገንዘቧን የላከችውን እኅት ሆኖ ይከራከር። እኅትዬዋ ራሷ በስልክ ብትገባ ደግሞ የበለጠ ነው፤ ገንዘቡ የእርሷ ነውና። መልሳችሁን ጽፋችሁ ቀኑን አስፍራችሁ አስቀምጡት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አውጥታችሁ ታዩታላችሁ። ለእኛም የምትልኩልን ካላችሁ በሚቀጥለው ዝግጅት የሙራበሃ ውልን ስንተነትን አብረን እንመለከተዋለን፣ ኢንሻአላህ።